ወፍራም እንጨት ለማስገባት ማሽናችሁን ከፍ ከማድረጋችሁ በፊት

ልጆቼ፣

3018 በሚባለው ትንሽ ሲኤንሲ ራውተር (በኮምፒውተር የሚመራ መቅረጫ ማሽን) ስም መቅረጽና ጌጥ መቁረጥ ከለመዳችሁ በኋላ፣ ወፍራም የዋንዛ ቁራጭ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጡና ስፒንድሉ፣ ማለትም ቢቱን (መቁረጫውን) የሚያሽከረክረው ሞተር፣ አላስገባ ይላችኋል። ያን ጊዜ ቶሎ የሚመጣው ሐሳብ ስፒንድሉን የተሸከመውን ድልድይ ከፍ ማድረግ ነው። ሥራው ራሱ አያስቸግርም፤ ጥቂት የአሉሚኒየም ቁራጭና ረዘም ያሉ ብሎኖች ይበቁታል። ነገር ግን ለምትጨምሩት ለእያንዳንዱ ሚሊሜትር ማሽኑ ከጥንካሬው ይከፍላል። ስለዚህ ትራፓኖ ከማንሳታችሁ በፊት በትክክል ምን እንደጎደላችሁ ለዩ።

ሦስት ልኮች አሉ። አንደኛው ዜድ (ስፒንድሉን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያንቀሳቅሰው ክፍል) ጫፍ ላይ ሲወጣ ከጠረጴዛው እስከ ኮሌቱ (የቢቱ መያዣ) ዳዶ ድረስ የሚቀረው ክፍተት ነው። ሁለተኛው ዜድ ከላይ እስከ ታች የሚጓዘው ርቀት ሲሆን በ3018 ላይ 45 ሚ.ሜ ገደማ ነው። ሦስተኛው ቢቱ ከኮሌቱ ወጥቶ የሚደርስበት ርዝመት ነው። ድልድዩን ስታነሱ የሚጨምረው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ብዙ ልጆች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ 40 ሚ.ሜ ያነሱና በማግስቱ ቀጭን ሰሌዳ ሲያስቀምጡ ቢቱ እንጨቱን አይነካላቸውም። ያነሳችሁትን ያህል ቀጭኑን ሥራ ከታች በኤምዲኤፍ (የተጨመቀ የእንጨት ሰሌዳ) ማስደገፍ የግድ ይሆናል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። እንጨቱ 60 ሚ.ሜ፣ የወጣው ቢት 25፣ ሳይነካ ለማለፍ 5 ሚ.ሜ ከሆነ፣ ከጠረጴዛው እስከ ኮሌቱ ዳዶ 90 ሚ.ሜ ያስፈልጋችኋል። የምትቀርጹት የላይኛውን 20 ሚ.ሜ ብቻ ከሆነ የዜድ 45 በቂ ነው። እስከ ታች መውረድ ካማራችሁ ግን ድልድዩ አይረዳችሁም። ከማሽኑ ጋር የሚመጡት 3.175 ሚ.ሜ ቢቶች አብዛኛውን ጊዜ 38 ሚ.ሜ ብቻ ይረዝማሉ። ከዚያ ላይ 12 ሚ.ሜ ያህሉን ኮሌቱ ሊይዘው ይገባል። 26 ሚ.ሜ ከወረዳችሁ በኋላ 19 ሚ.ሜ ገደማ ስፋት ያለው የኢአር11 (የኮሌቱ ዓይነት ነው) ዳዶ ከእንጨቱ ግድግዳ ጋር ይጋጫል።

ብዙውን ጊዜ የተሻለው መንገድ ማሽኑን አለመንካት ነው። 60 ሚ.ሜው እንጨት ከስፒንድሉ ሥር ከገባ፣ ሁለት 6 ሚ.ሜ የእንጨት ካስማ ተክላችሁ ከላይና ከታች በኩል እየገለበጣችሁ በረዘም ያለ ቢት 30፣ 30 ሚ.ሜ መቅረጽ ይቻላል። ወይም በ20 ሚ.ሜ ንብርብር ቆርጣችሁ፣ እያንዳንዱን ለየብቻ ቀርጻችሁ በኮላ አጣብቁት። የዋንዛ መስመር በጥንቃቄ ከተገጠመ መጋጠሚያው እምብዛም አይታይም።

አይ፣ ክፍተቱ ያስፈልገኛል ካላችሁ መጀመሪያ ያለ ወጪ የሚገኘውን ውሰዱ። ጠረጴዛው ላይ የደረባችሁትን 12 ሚ.ሜ ኤምዲኤፍ በ6 ሚ.ሜ ቀይሩት። ከዚያ ስፒንድሉን በመያዣው ውስጥ ወደ ላይ ግፉት፤ የታችኛው ጫፉ፣ ማለትም ኩሽኔታው ያለበት አካባቢ፣ ከመያዣው እንዳይወጣ ብቻ ተጠንቀቁ። በዚህ መንገድ 15 ሚ.ሜ ማግኘት እንግዳ አይደለም፤ የስፒንድሉ ተንጠልጣይ ክፍል ስለሚያጥርም ማሽኑ አይላላም።

ከዚህ በላይ ከተፈለገ ድልድዩን የሚሸከሙትን ሁለቱን ቋሚዎች ከሥራቸው አንሱ። ሁለቱን ማንሻዎች ከ2040 (20 በ40 ሚ.ሜ) አሉሚኒየም ፕሮፋይል ቁረጧቸው። ለየብቻ አትቁረጡ፤ ጎን ለጎን ሞርሳ ላይ አስራችሁ ጫፋቸውን አንድ ላይ በሞረድ አስተካክሉ፣ የሚቻል ከሆነም ፍሬዛ ያለው ቤት ወስዳችሁ አስላጩ። በካሊፐር ስትለኩ ልዩነታቸው ከ0.05 ሚ.ሜ ባይበልጥ መልካም ነው። ማሰሪያው ኤም5 ብሎንና የቲ ቅርጽ ዳዶ ነው፤ በእያንዳንዱ እግር ቢያንስ አራት። ሮንዴላ አትርሱ፣ በተለይ ቋሚው ባክላይት (ጠንካራ ፕላስቲክ) ከሆነ። ባክላይት ሲጠብቅበት ከቀዳዳው ይሰነጠቃል።

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንምጣ። ቋሚ ምሰሶ በጎን ኃይል ሲገፋ የሚታጠፍበት መጠን በቁመቱ ኩብ ያድጋል። 100 ሚ.ሜ የነበረው 150 ሲሆን በዚያው ኃይል 3.4 እጥፍ ያህል ይታጠፋል ማለት ነው። ቢትም እንዲሁ ነው፤ ከ20 ወደ 40 ሚ.ሜ ሲወጣ መታጠፉ 8 እጥፍ ይሆናል። በአንጻሩ ውፍረት በአራተኛ ኃይሉ ይረዳል። ረጅም ቢት የግድ ከሆነ 3.175ቱን ትታችሁ 6 ሚ.ሜ ግዙ፤ 12 እጥፍ በላይ ይጠነክራል፣ ኢአር11 ደግሞ እስከ 7 ሚ.ሜ ይይዛል።

ድልድዩ በጣም የሚላላው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ቋሚ ኋላ ባለ ሦስት ማዕዘን ድጋፍ እሰሩ፤ 6 ሚ.ሜ አሉሚኒየም ወይም 4 ሚ.ሜ ላሜራ ይሆናል። የድጋፉ እግር ቢያንስ የቁመቱን ግማሽ ያህል ወደ ኋላ ይዘርጋ። ሁለቱን ቋሚዎች በሙሉ ሰሌዳ ከኋላ መዝጋት ያምራል፣ ነገር ግን በ3018 ላይ የሚንቀሳቀሰው ጠረጴዛው ስለሆነ ሰሌዳው ዝቅ ካለ እንጨቱ መጥቶ ይገጨዋል። የሰሌዳው የታች ጠርዝ እንዲያልፍ ከምትፈልጉት እንጨት በላይ ይሁን።

ማሽኑ ምን ያህል እንደላላ በግምት አትናገሩ፤ ለኩት። ከመፍታታችሁ በፊት ዳያል ጌጅ (ጥቃቅን እንቅስቃሴ የሚለካ ሰዓት መሳይ መሣሪያ) ጠረጴዛው ላይ አቁሙና ጫፉን ስፒንድሉ አፍንጫ ላይ አሳርፉ። በሻንጣ ሚዛን 2 ኪሎ ያህል ወደ ፊት ሳቡና ንባቡን ጻፉ። ከገጠማችሁ በኋላ በዚያው ቦታ፣ በዚያው 2 ኪሎ ድገሙት። ንባቡ እጥፍ ከሆነ በአንድ ዙር የምትቆርጡትን ጥልቀት በግማሽ ቀንሱ፤ 1 ሚ.ሜ የነበረው 0.5 ይሁን። እንደ ወይራ ያለ ጠንካራ እንጨት ከሆነ ከዚያም ያነሰ ጀምሩ። ቢቱ ሲንጫጫና ግድግዳው ሲሸነተር ፍጥነቱን ብቻ ከመነካካት በፊት ጥልቀቱን ቀንሱ።

ሌላው ወፍራም እንጨት የሚያጋልጠው ነገር የዜድ ማዘንበል ነው። 0.5 ዲግሪ ያዘነበለ ዜድ በ2 ሚ.ሜ ጥልቀት አይታወቅም፤ በ50 ሚ.ሜ ላይ ግን ቢቱ 0.44 ሚ.ሜ ወደ ጎን ይሄዳል። ከገለበጣችሁ በኋላ የሁለቱ ወገን ቅርጽ የማይገጣጠመው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ጥሩ ስኳድራ ጠረጴዛው ላይ አቁሙ፣ ጌጁን ስፒንድሉ ላይ እሰሩና ዜድን 40 ሚ.ሜ አስወርዱ። ንባቡ ከ0.1 ሚ.ሜ በላይ ከተለወጠ ከቋሚው እግር በአንድ ወገን ቀጭን ቆርቆሮ አስገቡ። የለስላሳ ጣሳ ቆርቆሮ 0.1 ሚ.ሜ ገደማ ነው፤ 40 ሚ.ሜ ስፋት ባለው እግር ሥር አንድ ነጠላ ቁራጭ ልክ ያንን ያርማል። ከዚያ በኋላ የኤምዲኤፉን ገጽ በማሽኑ በራሱ አስላጩት።

ጂአርቢኤል (ማሽኑን የሚመራው ፕሮግራም) ውስጥ ድልድዩ ብቻ ከተነሳ የምትቀይሩት ነገር የለም። የዜድ ጉዞን በረዘመ ብሎንና ዘንግ ካራዘማችሁ የዜድን የጉዞ ወሰን የያዘውን $132ን፣ የብሎኑን እርምጃ ከቀየራችሁ ደግሞ ዜድ በሚሊሜትር ስንት እርምጃ እንደሚሄድ የሚወስነውን $102ን አስተካክሉ። ገመዶቹን ዜድን ከላይ፣ ኤክስን ዳር አድርሳችሁ ፈትሹ፤ ሳትነኩት የተወጠረ የሞተር ገመድ በሥራ መሃል ሶኬቱን ያላቅቃል።

ሞርሴቶ ሁልጊዜ ከእንጨቱ ወገብ በላይ ይሰር። ከታች ብቻ የተያዘ ረጅም ቁራጭ በቢቱ ግፊት ይጋደማል።

መብራት በሥራ መሃል ከጠፋ ደግሞ ወፍራም ሥራ ላይ ቢቱ ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። መቆሚያ ስዊች የሌለው ማሽን መብራት ሲመጣ የት እንዳለ አያውቅም፤ ወደ ዜሮ ተመለስ ብትሉት እንጨቱን እየሰነጠቀ ያልፋል። ምንም ትእዛዝ ሳትሰጡ፣ የዜድን ብሎን በእጃችሁ እያዞራችሁ ቢቱን ከእንጨቱ አውጡ። ቀጥሎ ከመጀመሪያው ጥግ ዜሮውን እንደገና ያዙ። ጥጉን ሥራው ሲጀመር በእርሳስ ሳይሆን በሹል ነገር ጭራችሁ ምልክት አድርጉበት፤ እርሳሱ ከአቧራው ጋር ይጠረጋል።