ቤንዚን መቀላቀል ሙያ ይሆናል?

ጥያቄ፦ የኬሚካል ምህንድስና ተመራቂ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ሥራዬ ቤንዚን ላይ ኢታኖል በመጨመር ኦክቴኑንና የሞተሩን ብቃት ከፍ ማድረግ ነው። በዚሁ መቀጠል እፈልጋለሁ፤ ጓደኞቼ ግን «የኤሌክትሪክ መኪና እየመጣ ቤንዚን ምን ያደርግልሻል?» ይሉኛል። ማስተርሴንስ አሁኑኑ ልጀምር?

መልስ፦ ወደ ጓደኞችሽ ከመሄዴ በፊት ርዕስሽን ላንሳ፤ ቃለ መጠይቅ ላይ መጀመሪያ የምትያዢው እዚያ ላይ ነውና። ኦክቴን የቤንዚኑን ጉልበት አይለካም። የሚለካው ቤንዚኑ ሲታመቅ ካንዴላው ሳይለኩሰው በራሱ እንዳይነድ ያለውን አቅም ነው። ለ91 ኦክቴን የተሠራ ሞተር ላይ 98 ብትሞዪ፣ አብዛኛውን ጊዜ ትርፉ ወጪ ብቻ ነው። ብቃት የሚመጣው ኮምፕሬሽኑ (ነዳጅና አየሩን የሚያምቅበት መጠን) ከፍ ተደርጎ ከተሠራ ሞተር ነው፤ ከፍ ያለ ኦክቴን ያንን ሞተር ሳያንኳኳ፣ ማለትም ቤንዚኑ በራሱ ሳይነድ፣ እንዲሠራ ያስችለዋል። ኢታኖል ደግሞ ኦክቴኑ ከ100 ቢበልጥም፣ በሊትር የሚይዘው ኃይል ከቤንዚን በሲሶ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ «ኦክቴን ጨመረ» እና «ብቃት ጨመረ» የሚሉትን በጽሑፍሽ ለየብቻ አሳዪ።

አሁን ወደ ሥራው። የነዳጅ ማጣሪያ ውስጥ ቀላቃዩ የሚጠየቀው ከፍተኛ ኦክቴን አይደለም፤ ደረጃውን በትንሹ ወጪ መምታት ነው። ቡቴን ርካሽ ነው፣ ኦክቴኑም ጥሩ ነው፤ ግን ቶሎ ስለሚተን የትነት ግፊቱ (ነዳጁ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚተን የሚያሳየው መለኪያ) ገደብ ያስቆምሻል። ሪፎርሜት (ማጣሪያው ኦክቴኑ እንዲጨምር የቀየረው የቤንዚን ግብዓት) ኦክቴኑ ከፍ ያለ ነው፤ ቤንዚንና ሌሎች አሮማቲክስ የሚባሉትን ይዞ ስለሚመጣ ግን (እዚህ ላይ ቤንዚን ያልኩት ነዳጁን ሳይሆን ሲ6ኤች6ን ነው) የጤና ሕጉ ይገድበዋል። አልኪሌት (ማጣሪያው ከቀላል ጋዞች አገጣጥሞ የሚሠራው ግብዓት) ሁሉንም ያሟላል፣ ዋጋው ግን ይቆነጥጣል። ኢታኖል ብቻውን ሲሆን የትነት ግፊቱ ዝቅተኛ ነው፤ በ10 ከመቶ ሲቀላቀል ግን የድብልቁን ግፊት ከፍ ያደርገዋል። ኦክቴንም ቢሆን በአማካይ አይገኝም፦ 60 እጅ ባለ 92ን ከ40 እጅ ባለ 98 ጋር ስትቀላቅዪ ስሌቱ 94.4 ይላል፤ የሙከራ ሞተሩ ሌላ ቁጥር ሊሰጥሽ ይችላል። ደንበኛው 95 ጠይቆ 95.6 ከላክሽ ደግሞ ያቺ 0.6 በነጻ ሄደች፤ በሚሊዮን ሊትር ሲባዛ አለቃሽ ዝም አይልም።

ስለዚህ ከኬሚስትሪው እኩል ሊኒየር ፕሮግራሚንግ (በተሰጡ ገደቦች ውስጥ ርካሹን ምርጫ የሚያገኝ የሒሳብ ዘዴ) ተማሪ። ማጣሪያዎች ከ1950ዎቹ ጀምሮ ለቅልቅል ሲጠቀሙበት ኖረዋል። አምስት ግብዓት፣ ዋጋቸውን፣ የኦክቴንና የትነት ግፊት ገደብ ይዘሽ ኤክሴል ላይ ሞዴል ሥሪ፤ ከዚያ የቡቴንን ዋጋ ከፍና ዝቅ እያደረግሽ መልሱ የት ላይ እንደሚቀየር ተመልከቺ። ለቀጣሪ ይህን ማሳየት ከጥሩ ነጥብ ይልቅ ያወራልሻል። የነዳጅ ላቦራቶሪ ልምምድ ካገኘሽም አትለፊው፤ ከሁለቱ የኦክቴን መለኪያዎች ሪሰርች ኦክቴን በደቂቃ 600 ዙር፣ ሞተር ኦክቴን በ900 ዙር ለምን እንደሚለካ እዚያ ሳታዪ በደንብ አይገባም።

ጓደኞችሽ ግማሽ እውነት አላቸው። ዕድሜሽን ሙሉ ቤንዚን ላይ ብቻ አስይዢ አልልሽም። ግን በገደብ ውስጥ ርካሹን ድብልቅ መፈለግ የአውሮፕላን ነዳጅም፣ የሲሚንቶም፣ የእንስሳት መኖም ሥራ ነው።

ማስተርሱን አዘግዪው። አንድ ሁለት ዓመት ሠርተሽ የሚስብሽ ሞተሩ ሆኖ ከተገኘ የምትፈልጊው የሜካኒካል ክፍል ነው፤ ቅልቅሉ ከሆነ ደግሞ ኦፕሬሽንስ ሪሰርች (እንዲህ ያለውን ምርጫ በሒሳብ የሚያጠናው ዘርፍ)። አሁን ብትመርጪ በግምት ትመርጫለሽ።