የአያት ፍርሃት ለልጅ ልጅ ይተላለፋልን?

ጥያቄ፦ የምኖረው ከአዲስ አበባ ዳር፣ ካራ አካባቢ ነው። አብራኝ ያለችው እናቴ ታላቅ ወንድሟን በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር አጥታለች፤ ማልቀስ ተከልክላ ስለነበር እርሟን አላወጣችም። ዛሬም ማታ መኪና በራችን ላይ ሲቆም መብራቱን አጥፍታ በጨለማ ትቀመጣለች። በቀደም የዘጠኝ ዓመት ልጄ ከእርሷ ቀድማ ስታጠፋው አየሁና ደነገጥሁ። ከሆሎኮስት የተረፉ አይሁዶች ጭንቀት በደም ለልጆቻቸው ተላልፏል ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነውን? ታሪኩንስ ለልጄ ልንገራት?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ልጅዎ መብራቱን ለማጥፋት ታሪኩን መስማት አላስፈለጋትም፤ ያየችው በቅቷታል። ናዚ ጀርመንና ተባባሪዎቹ ሆሎኮስት በተባለው ጭፍጨፋ 6 ሚሊዮን ያህል አይሁዶችን ከፈጁ በኋላ፣ የተረፉት ብዙዎቹ ሄደው የሚያለቅሱበት የዘመድ መቃብር እንኳ አልነበራቸውም። ልጆቻቸውን በሟቾቹ ስም ጠሩ፤ በየቤታቸው ቁራሽ ዳቦ መጣል ነውር ሆነ፤ ምክንያቱን ግን ብዙዎቹ አፍ አውጥተው አልተናገሩም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በካናዳ፣ ሞንትሪያል ይሠሩ የነበሩ የአእምሮ ሐኪሞች፣ የናዚ ማጎሪያ ካምፕ ረግጠው የማያውቁ የተራፊዎች ልጆች ለሕክምና በብዛት እንደሚመጡ አስተዋሉ።

«በደም» የሚባለውን በተመለከተ፣ በተደጋጋሚ የሚጠቀሰው የኒውዮርክ ጥናት የመረመረው 32 ተራፊዎችንና 22 ልጆችን ብቻ ነው። ሕክምና ያልፈለጉት ልጆች በተጠኑበት ጊዜ ደግሞ አብዛኞቹ እንደማንኛውም ሰው ጤነኞች ሆነው ስለተገኙ፣ ልጅዎ ፍርሃትን በደሟ ተሸክማለች ብለው እንዲጨነቁ አልፈልግም። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ በቤታችሁ ያለው ዝምታ ነው።

ስለዚህ ይንገሯት፤ አስቀድመው ግን እናትዎን ያስፈቅዱ። ስለ አሟሟቱ ዝርዝር ለዕድሜዋ አያስፈልጋትም፤ አጎትዎ ማን እንደነበሩ ትወቅ። በኢየሩሳሌም የሚገኘው የሆሎኮስት መታሰቢያ፣ ያድ ቫሼም፣ ስያሜውን ያገኘው በትንቢተ ኢሳይያስ 56፥5 ካለው «መታሰቢያና ስም» ከሚለው ቃል ሲሆን፣ ዘመድ ወይም ወዳጅ ለእያንዳንዱ ሟች አንድ ገጽ እየሞላ ስሙን፣ የወላጆቹን ስም፣ የትውልድ ቦታውንና ሥራውን ያስመዘግብበታል፤ ያ ገጽ መቃብር ለሌለው ሰው እንደ መቃብር ድንጋይ ይቆጠራል። እናንተም አንድ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ቡና አፍልታችሁ ተቀመጡና እናትዎ ይናገሩ፣ ልጅዎ በደብተሯ ትጻፍ። እናትዎ ቢያለቅሱ አያስቁሟቸው፤ ያኔ የተከለከሉት ለቅሶ ነው፤ ልጅዎም አጠገባቸው ትሁን።