የሦስት ሳምንት ኮርስ መርማሪ አያደርግሽም

ውድ እህቴ፣

በአራት ኪሎ የኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርትሽን ልትጨርሺ ሁለት ወር እንደቀረሽ፣ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥርዓቶች ሕግን ጠብቀው መሠራታቸውን በማረጋገጥ ሙያ መሰማራት እንደምትፈልጊ፣ ለዚህም «የተመሰከረለት ባለሙያ» የሚያሰኝ የሦስት ሳምንት የኢንተርኔት ኮርስ እንድትወስጂ እናትሽ የአንገት ሐብላቸውን ሊሸጡልሽ መወሰናቸውን ጽፈሽልኛል። ደብዳቤሽን ፒያሳ ባለው ቢሮዬ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ሐብሉ አይሸጥ።

ኮርሱ የሚሰጥሽ ወረቀት የሚመሰክረው ስለ አንቺ ነው፤ የአንድ ሥርዓት ሕጋዊነት ግን በዚያ ወረቀት አይረጋገጥም። በደብዳቤሽ የጠቀስሽውን የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 2024/1689 ተመልከቺ። ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የወጣውና እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2024 የጸናው ይህ ደንብ ለሠራተኛ ቅጥር፣ ለትምህርት ቅበላና ለግለሰቦች የብድር ብቃት መመዘኛ የሚውሉ ሥርዓቶችን ከፍተኛ ስጋት ያለባቸው ብሎ ይመድባል። ሆኖም እነዚህን የሚመዝነው ሥርዓቱን ሠርቶ ለገበያ የሚያቀርበው ራሱ አቅራቢው ነው፤ ሥርዓቱ እንዴት እንደተሠራና እንደተፈተሸ የሚገልጸውን የቴክኒክ ሰነድ አዘጋጅቶ፣ የጥራት አመራር ሥርዓቱን ፈትሾ፣ የተስማሚነት መግለጫውን ፈርሞ ምርቱ የኅብረቱን መስፈርት ማሟላቱን የሚያሳየውን የሲኢ (CE) ምልክት ያደርጋል። የውጭ መርማሪ የሚገባው በዋናነት የተቀመጡትን ደረጃዎች ሙሉ በሙሉ ባልተከተሉ የባዮሜትሪክ (ሰውን በፊቱ፣ በአሻራው ወይም በመሳሰለው የሚለዩ) ሥርዓቶች እና እንደ ሕክምና መሣሪያ ቀድሞም የውጭ ምርመራ በሚጠየቅባቸው ምርቶች ላይ ነው፤ እሱም ቢሆን በመንግሥት የተሰየመ ተቋም እንጂ ኮርስ የጨረሰ ግለሰብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ የወጣው የሰው ሠራሽ አስተውሎት አመራር ዓለም አቀፍ ደረጃ አይኤስኦ/አይኢሲ (ISO/IEC) 42001ም የድርጅትን የአመራር ሥርዓት እንጂ አንድን ምርት አይመለከትም።

ስለዚህ አሠሪዎች የሚፈልጉት ሰነዱን አሟልቶ መሥራት፣ ወይም የሌላውን ሰነድ አገላብጦ ጉድለቱን ማግኘት የሚችል ሰው ነው። እኔ ወደ ምክር ሥራ ከመምጣቴ በፊት አሥራ አንድ ዓመት በፍተሻ ላቦራቶሪ የኤሌክትሪክ ገመድ መርምሬአለሁ። አንድ ቀን የመዳቡን ሬዚስታንስ (ኤሌክትሪክን የመቋቋም መጠን) ለክቼ፣ ውጤቱን ወደ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ አስልቼ ሪፖርቴን ሳቀርብ፣ ኃላፊዬ ቁጥሮቹን ሳያዩ የመለኪያ መሣሪያውን ገልብጠው የተለጠፈበትን ወረቀት አሳዩኝ፤ የካሊብሬሽኑ፣ ማለትም የመሣሪያው ትክክለኛነት ተፈትሾ የተረጋገጠበት፣ ጊዜ ካለፈ ሦስት ቀን ሆኖት ነበር። ገመዱ ደህና ነበር፤ ሪፖርቱ ግን ተሰርዞ ሥራው እንደገና ተጀመረ። በሰው ሠራሽ አስተውሎትም ጥያቄው ይኸው ነው፦ ሞዴሉ በየትኛው ዳታ ሠለጠነ፣ የተፈተሸውና ሥራ ላይ የዋለው ቅጂ አንድ ነው ወይ፣ ሲሳሳት ማን ያስቆመዋል፣ መዝገቡስ የት አለ? ይህን ዓይን ኮርስ አይሰጥም፤ ሪፖርትሽን የሚመልስ አለቃ ያስፈልግሻል።

ለዚህ ነው አባትሽ ከሚመርጡት የባንክ ሥራ ይልቅ አንድ የምርመራና ሰርተፍኬሽን ድርጅት ያቀረበልሽን የተለማማጅነት ቦታ እንድትቀበዪ የምመክርሽ። ደመወዙ ከባንኩ ግማሽ ብዙም አይበልጥም፤ ይሁንና የምትኖሪው ወላጆችሽ ቤት ነው፣ ኪራይ አትከፍዪም፣ ቤተሰቡም ያንቺን ደመወዝ እንደማይጠብቅ ራስሽ ጽፈሻል። እንግዲያው አባትሽን ያሳሰባቸው ገንዘቡ ሳይሆን ለዘመድ «ልጄ ባንክ ገባች» ማለቱ ይመስለኛል፤ በአክብሮት፣ ግን ፊት ለፊት ንገሪያቸው።

የሕግ ሁለተኛ ዲግሪ ያስፈልገኛል ወይ ላልሽው፣ አሁን አያስፈልግሽም፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቢ። ሥራው ለአውሮፓ ብቻ አይደለም ወይ ላልሽውም፣ የአውሮፓው ደንብ የሥርዓታቸው ውጤት በኅብረቱ ውስጥ ጥቅም ላይ የሚውል የውጭ አገር አቅራቢዎችንም ስለሚይዝ አዲስ አበባ ሆኖ ለአውሮፓ ደንበኛ ሶፍትዌር የሚሠራ ድርጅትም ሊያስፈልገው ይችላል።

የመመረቂያ ሥራሽ የሥራ አመልካቾችን ሲቪ የሚለይ ሞዴል ነው ብለሻል፤ በደንቡ ከፍተኛ ስጋት ካለባቸው የሚመደብ ዓይነት ነው። ከምረቃሽ በፊት የራሱን የቴክኒክ ሰነድ ጻፊለትና ይዘሽው ወደ ድርጅቱ ሂጂ። ሞዴሉን ባሠለጠንሽበት ዳታ ውስጥ ስንት ሴት አመልካቾች እንዳሉ ከመቁጠር ጀምሪ።