ስለ አንዲት ደሴትና ስለ አውራ ጣት አሻራ

ልጆቼ፣

ከሠላሳ ዓመት በላይ በጥብቅና ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። «ሥራ ስንጀምር ምን እናንብብ?» እያላችሁ ለምትጠይቁኝ ወጣት የሕግ ባለሙያዎች፣ ከሁሉ አስቀድሜ የቻጎስን ታሪክ እነግራችኋለሁ። ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቻጎስ በሕንድ ውቅያኖስ መሐል የተበተኑ ከሃምሳ በላይ ትናንሽ ደሴቶች ናቸው፤ ትልቋ ዲዬጎ ጋርሲያ ትባላለች። ነዋሪዎቹ በአብዛኛው ፈረንሳዮች ከማዳጋስካርና ከሞዛምቢክ በባርነት ያመጧቸው ሰዎች ዘሮች ነበሩ። ኮኮናት እየለቀሙ፣ ዓሣ እያጠመዱ፣ ክሪዮል የሚባለውን፣ ከፈረንሳይኛ የተወለደ የራሳቸውን ቋንቋ እየተናገሩ ኖሩ፤ ሙታናቸውንም እዚያው ቀበሩ። እንግሊዝ ሞሪሺየስን ነጻ ከመልቀቋ በፊት፣ በ1965፣ እነዚህን ደሴቶች ቆርጣ አስቀረች። በማግስቱ ዓመት ለአሜሪካ ጦር ሰፈር እንዲሆኑ ተዋዋለች። (በአሥመራው ቃኘው ጣቢያ ይካሄድ የነበረው የባሕር ኃይል የመልእክት ቅብብል የተዛወረውም ወደዚያው ነው።)

አስቸጋሪዎቹ ሰዎቹ ነበሩ። ቋሚ ሕዝብ ካለ በተባበሩት መንግሥታት ፊት ተጠያቂነት አለ። እናም ለንደን ውስጥ ብዕር ተነሣ፤ አንዳንዱ ቤተሰብ እስከ አምስት ትውልድ የኖረበትን ምድር ነዋሪ «የኮንትራት ሠራተኛ» ብለው ጻፉት። ይህን የጻፉት ጠመንጃ የያዙ ሰዎች አይደሉም። በቀለም የገፉ ዲፕሎማቶችና የሕግ አማካሪዎች ናቸው፤ የእኛው ሙያ ሰዎች። አንድ ከፍተኛ ባለሥልጣንማ በ1966 «ከባሕር ወፎች በቀር ነባር ነዋሪ አይኖርም» የሚል ፌዝ በፋይሉ ላይ አሰፈረ። ፋይሉ ተቀምጦ ቆየና ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ፍርድ ቤት ቀረበ። የመዝገብ ቤት ሠራተኞችን አክብሩ።

እስከ 1973 ድረስ ከ1,500 የማያንሱ ሰዎች ወደ ሞሪሺየስና ሲሼልስ ተጋዙ። ለሕክምና ሞሪሺየስ የሄደ ሰው መመለሻ መርከብ ተከለከለ። በ1971 የዲዬጎ ጋርሲያ ውሾች ኮኮናት ማድረቂያ ቤት ውስጥ ተዘግቶባቸው በመኪና ጭስ ታፍነው ተገደሉ።

በ1982 እንግሊዝ 4 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ ለመክፈል ተስማማች። ገንዘቡን ለመውሰድ ግን በእንግሊዝኛ የሕግ ቋንቋ በተዘጋጀ ቅጽ ላይ መፈረም ግድ ነበር። ማንበብ የማይችሉት አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ። ቅጹ ወደ አገራቸው የመመለስ መብታቸውን እንደተዉ ይናገር ነበር፤ ይህን እንዳላወቁ ብዙዎቹ ኋላ ተናገሩ። በ2000 ለንደን ፍርድ ቤት ቀርበው ረቱ፤ በ2004 የእንግሊዝ መንግሥት መልሶ የመመለሻውን በር ዘጋባቸው። በ2019 የሄጉ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት የእንግሊዝ ይዞታ ሕገ ወጥ ነው የሚል የምክር አስተያየት ሰጠ። በግንቦት 2025 ደሴቶቹን ለሞሪሺየስ የሚመልስ ስምምነት ተፈረመ፤ ዲዬጎ ጋርሲያ ግን ለ99 ዓመት የጦር ሰፈር ሆና እንድትቀር ነው። በድርድሩ ጠረጴዛ ዙሪያ ተፈናቃዮቹ ወንበር አልነበራቸውም።

እናንተ ዘንድ ሰው ሊፈርም ሲመጣ ሰነዱን በሚሰማው ቋንቋ እስከ መጨረሻው አንብቡለት። ከዚያ የተረዳውን መልሶ እንዲነግራችሁ ጠይቁት። ሩብ ሰዓት ቢፈጅም ይፍጅ። «ጊዜያዊ ነዋሪ» ወይም «ሕገ ወጥ ሰፋሪ» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊትም ሰውየው አያቱን የት እንደቀበረ ጠይቁት።

ለምን ይህን ያህል ያጠብቃሉ ካላችሁኝ፣ ልናዘዝ። በሥራዬ መጀመሪያ ላይ አንድ ሽማግሌ ለመንገድ የተወሰደ መሬታቸውን ካሳ ሊቀበሉ መጡ። ወረቀቱ አራት ገጽ ነበር፤ ሰልፉ ደግሞ እስከ ደጅ። «አባባ፣ ገንዘቡን ተቀብያለሁ ነው የሚለው» አልኳቸው። ሦስተኛው ገጽ ላይ በቀረው መሬታቸውም ጥያቄ እንደማያነሡ ተጽፎ ነበር፤ አይቼዋለሁ። አባባ አተሙ። ጣታቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና ቆመው መረቁኝ።