ካሜራውን ቶሎ አታስገቡት

አገር ቤት ደርሶ የመጣ ሰው ሳገኝ የምጠይቀው ነገር አለ። «ካነሳኸው ፎቶ ሁሉ አንዱን ብቻ አስቀር ብትባል የቱን ታስቀራለህ?» ሰዉ ስልኩን ያወጣና መፈለግ ይጀምራል። አንኮበርን ያልፋል። የጣርማ በርን ገደል ያልፋል። ጭላዳዎቹንም ያልፋል። ከዚያ አንድ ደብዘዝ ያለ፣ ጠርዙ የተቆረጠ፣ ለሌላ ሰው ምንም የማይመስል ፎቶ ላይ ይቆምና «ይቺን» ይላል። ወሬው ይቀጥላል። ሻይ ይቀዳል። ወሬው አያልቅም።

እኔ የሰሜን ሸዋ ልጅ ነኝ። ውጭ ከኖርኩ ብዙ ጊዜ ሆኖኛል። ፎቶ ማንሳት እንጀራዬ አይደለም፤ ሱሴ ነው። ዘንድሮም ሆነ ለከርሞ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ወደ መንዝ፣ ወደ ቡልጋ፣ ወደ ምንጃር ለምትሄዱ ወገኖቼ ጥቂት ነገር ልበል። የካሜራውን አሠራር ዩቲዩብ ይነግራችኋል። እኔ የማወራው የምትወዱት ፎቶ ከየት እንደሚመጣ ነው።

ከሁሉ በፊት መንገዱን ጠይቁ። ከ2015 ማብቂያ ወዲህ የአማራ ክልል ጸጥታ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ዛሬ ክፍት የነበረ መንገድ ነገ ሊዘጋ ይችላል፤ ዘመድ ጋ ሳትደውሉ አትውጡ። ኬላ ላይና ወታደር ባለበት ስልካችሁ ኪስ ይግባ። ድሮን ያለ ፈቃድ ይዛችሁ ከመጣችሁ ቦሌ ላይ ይቀራል፤ ባታመጡት ይሻላል። ይኸው ነው።

አንድ የመንዝ ልጅ ወዳጅ አለኝ፤ አሜሪካ ታክሲ ይነዳል። የሚወደው ፎቶ የአክስቱ ነው። መንዝ ብርድ አገር ነው፣ የበግ አገር ነው። በርኖሱም፣ ባናውም፣ ዝተቱም ከበግ ጸጉር ይሠራል። ሴቶቹ ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ይሸምናሉ። ይሄ ወዳጄ ሲደርስ አክስቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው እየፈተሉ ነበር። «እቴቴ፣ እንዲሁ እንዳሉ ላንሳዎት» አላቸው። እንዝርቱን አስቀምጠው ብድግ አሉ።

«በዚህ ልብስ? ሰው ምን ይለኛል!»

ገቡ። ቆዩ። ነጭ ቀሚስ ለብሰው፣ ነጠላ አጣፍተው፣ ሻሻቸውን አስተካክለው ወጡ። ግድግዳው ሥር ቆሙ። እጃቸውን ግራና ቀኝ አወረዱ። መታወቂያ እንደሚያወጣ ሰው ቀጥ አሉ። ፈገግታ የሚባል ነገር የለም። አነሳቸው። «አበቃ?» አሉ። «አበቃ» አላቸው። ይሄኔ አንዲት ዶሮ ሰፌድ ላይ የተሰጣው ገብስ ላይ ወጣች። እቴቴ ነጠላቸውን እያወናጨፉ «እሽ! እሽ! አንቺ ሌባ!» ብለው ሄዱባት። ልጁ ስልኩን ገና ኪሱ አላስገባም ነበር።

ፎቶውን አሳይቶኛል። ነጠላው አየር ላይ ነው። አንድ እግራቸው ብቻ መሬት ነክቷል። ከዶሮዋ የቀረው ጥግ ላይ ያለ ጅራት ነው። ፊታቸው ላይ ቁጣውም ሳቁም አለ። ትንሽ ተንቀጥቅጧል፤ ባለሙያ ቢያየው ይጥለዋል።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «እንግዲያው ሰው ሳያውቅ ማንሳት ነው» ይላል። እኔ አልስማማም። ቀጥ ብለው የቆሙባት ፎቶ የእቴቴ ናት። እሳቸው እንዲያ ሆነው መታየት ይፈልጋሉ፤ መብታቸውም ነው። በድሮ ጊዜ ፎቶ መነሳት ራሱን የቻለ ጉዳይ ነበር። ከተማ ይወጣል፣ ይለበሳል፣ ይከፈላል፣ አንዴ ብቻ ቀጭ ይላል። እዚያ ላይ ማን ይስቃል? ስለዚህ መጀመሪያ እንደፈለጉት አንሷቸው፤ በደንብ አድርጋችሁ፣ ሳትቸኩሉ። ከዚያ ካሜራውን ቶሎ አታስገቡት። ሰው «አበቃ» ከተባለ በኋላ ትከሻው ይወርዳል፣ ወሬ ይጀምራል፣ ልጅ ይቆጣል። የምትወዱት ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው ያለው። ወዳጄ አሳጥቦ፣ በፍሬም አድርጎ የላከላቸው ግን የቆሙባትን ነው። ዛሬ ከሥላሴ ሥዕል ጎን ተሰቅላለች። የዶሮዋን እሱ ስልኩ ላይ ይዟታል።

ስለ ብርሃን አንድ ሁለት ነገር ልበል። አውሮፓ የለመደ ዓይን እኛ አገር ይሸወዳል። እዚያ በበጋ ምሽት ያ ወርቃማ ብርሃን ሰዓታት ይቆያል። ደብረ ብርሃን ላይ ሻያችሁን ሳትጨርሱ ይሄዳል። ጥሩው ጊዜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት፣ ማታ ደግሞ ከ11 እስከ 12 ሰዓት ግድም ነው። በመሐል ፀሐይ አናት ላይ ናት፤ ዓይን ሁሉ ጥላ ይሆናል። ያኔ ሰው ማንሳት ካለባችሁ በር አጠገብ፣ ጥላው ውስጥ አስቀምጧቸው።

ለጥምቀት ምንጃር የምትወርዱ ደግሞ አላችሁ። ኢራንቡቲ ላይ 44 ታቦታት ያድራሉ፤ ሜዳው ነጭ በነጭ ይሆናል። ካሜራ ነጭ ሲበዛበት ግራ ይገባውና ሁሉን ያጨልማል፤ የሰዉ ፊት ይጠፋል። ስክሪኑ ላይ ፊቱን በጣታችሁ ንኩትና ብርሃኑን ትንሽ ከፍ አድርጉት። ካህናቱ ሲያልፉ መንገድ ላይ እየተደቀናችሁ አታስቸግሩ። ሸንኮራ ዮሐንስም ሆነ ጻድቃኔ ማርያም ጸበል ቦታ ላይ የታመመ ሰው አታንሱ። ቢፈቅዱላችሁም አታንሱ። ሰው እዚያ የሚሄደው ለመዳን ነው።

ወደ ጓሳ የምትወጡ ብርዱን አትናቁት። ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ነው፤ ሌሊቱ ባትሪ ይጨርሳል። ትርፍ ባትሪውን ከደረት ኪስ፣ ከሰውነታችሁ ሙቀት አጠገብ አድርጉት። አንድ የማውቀው ሰው ክንድ የሚያህል ሌንስ ተሸክሞ ቀይ ቀበሮ ፍለጋ ሲንከራተት ሰነበተ። አገኛትም፤ ሣር ውስጥ ያለች ቀይ ነጥብ ናት። እሱ የሚወደው ግን በጠዋት ጭላዳዎቹ ካደሩበት ገደል ወጥተው ፀሐይ ሲሞቁ፣ በስልኩ ያነሳውን ነው። ጭላዳ ሣር በል ነው፤ ቁጭ ብሎ ነው የሚግጠው። ከተከተላችሁት ይሸሻል። ዝም ብላችሁ ከተቀመጣችሁ እየጋጠ ይቀርባችኋል። ብስኩት ምናምን እንዳትወረውሩለት ብቻ። ስትቀመጡ ከጎናችሁ ያለውን የአገሩን ሰው ስለ ሣሩ ጠይቁት። የመንዝ ሰው ጓሳን በቀሮ ሥርዓት ለዘመናት ጠብቆታል። መቼ እንደሚዘጋ፣ መቼ እንደሚታጨድ ሕግ ነበረው፤ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ የሚሆነው ሣር በዘፈቀደ አይነካም ነበር። ይህን ሳትሰሙ የተነሳ የጓሳ ፎቶ ሣር ብቻ ነው።

ጣርማ በር ላይ የሆነችውን ደግሞ ላውራችሁ። ጀርመን ነርስ የሆነች የአገራችን ልጅ ቁልቁል የሚታየውን ቆላ ላንሳ ብላ ሄደች። ጣሊያን በወረራው ዘመን የሠራውን ዋሻ አልፈው መኪና አቆሙ። ጉም! እጅ አይታይም። እሷም ተናዳ ካሜራዋን ወደ ጉሙ ደቅና ቆመች። ጋቢ የተከናነበ እረኛ ልጅ መጥቶ ከጎኗ ቆመ፤ እሷ የምታየውን ለማየት አንገቱን አሰገገ። «ምንድነው የምታነሺው? ምንም የለም እኮ!» አላት። ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «እሺ አንተን ላንሳህ?» ስትለው እሺ አለ። ያቺ ናት የሷ ፎቶ። ነጭ ጉም፣ አንድ ልጅ፣ ከኋላው የአይሱዙ መብራት።

ከዚያ ቁልቁል ደብረ ሲና ስትወርዱ ቆሎ መግዛት እንደማትረሱ አውቃለሁ። ሙቀቱ ግን በአንዴ ይለወጣል። ከብርድ የወጣ ካሜራ ሙቀት ሲያገኘው ሌንሱ ላብ ይይዘዋል። ከመውረዳችሁ በፊት በፌስታል ጠቅልላችሁ ቦርሳ ውስጥ ክተቱት፤ እስኪሞቅ አታውጡት።

አሁን ወደ ሳሎን እንግባ። ለእኔ ትልቁ ሀብት እዚያ ነው፤ ብዙዎቻችሁም ሳታዩት ነው የምትመለሱት። ቡና እየተፈላ ግድግዳው ላይ ያሉትን ፎቶዎች ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ?

ስዊድን የምትኖር አንዲት የደብረ ብርሃን ልጅ አባቷን የምታውቃቸው በአንድ የግድግዳ ፎቶ ነው። ኮት፣ ክራቫት፣ ከኋላቸው ሥዕል የሆነ የአበባ መናፈሻ። ገና ልጅ እያለች ነው ያረፉት። ወጣት ሳሉ ቢሮ ይሠሩ ነበር ብላ ታስብ ነበር። ባለፈው ስትሄድ ከእናቷ ጋር ፎቶውን ከፍሬሙ አወጡት። ስልኳን መቅጃ ላይ አድርጋ «እማዬ፣ እስቲ ስለዚች ፎቶ ንገሪኝ» አለች። እናት ፎቶዋን ጠጋ አድርገው አዩዋት። «ኮቱ የፎቶ ቤቱ ነው። ክራቫቱም የፎቶ ቤቱ ነው። የሱ ሰዓቱ ብቻ ነው፤ እሱም አይሠራም ነበር።» አባት ብርድ ልብስ ፋብሪካ ገና የተቀጠሩ ጊዜ ነው። በመጀመሪያ ደመወዛቸው ተነስተው፣ ለእናት የሰጧት ፎቶ ናት። ጀርባዋ ላይ በሐምራዊ ቀለም «ለማስታወሻ ይሁንሽ» የሚል አለ። ልጅቷ አሁን የምትወደው ጀርባውን ያነሳችበትን ነው፤ የእናቷ አውራ ጣት ከጠርዙ ይታያል።

አነሳሱ ቀላል ነው። ፎቶውን መስኮት አጠገብ አድርጉት፣ ፍላሹን አጥፉ፣ ጥቁር ነገር ልበሱ፤ መስታወቱ ላይ እንዳትታዩ። ፎቶው መስታወቱ ላይ ከተጣበቀ አትጎትቱት፤ ይቀደዳል። እንዳለ አንሱት። ፊቱንም ጀርባውንም። ጀርባው ላይ 1970 የሚል ካያችሁ በፈረንጅ 1977 ወይም 1978 መሆኑን ለልጆቻችሁ ጻፉላቸው፤ አለበለዚያ አያታቸውን በስምንት ዓመት ያስረጇቸዋል። ስም ጠይቁ። ከግራ ወደ ቀኝ ማን ማን ነው? የማን ልጅ? ዛሬ እማማ ያውቃሉ። እሳቸው ካለፉ ያ ከጥግ የቆመው ረዥም ሰውዬ ማን እንደሆነ የሚነግራችሁ የለም።

ፌስቡክን በተመለከተ ቆጣ ልበል። አንድ ሰው አጎቱን በተቀደደ ጋቢ፣ በባዶ እግር አንስቶ «የአገሬ ገበሬ» ብሎ ለጠፈ። ላይኩ ጎረፈ። ፎቶው ዞሮ ዞሮ በአንድ የሠፈር ልጅ ስልክ አጎትየው ዘንድ ደረሰ። «ጫማ እንዳለኝ እያወቀ እርሻ ላይ ያለሁትን ለዓለም አሳየኝ» ብለው እስከዛሬ ተቀይመዋል። ኔትወርክ ያልደረሰበት ቀበሌ እያነሰ ነው። የምትለጥፉትን የተነሳው ሰው ያየዋል ብላችሁ ለጥፉ። የሌላ ሰው ሕፃንማ ወላጁ ሳይፈቅድ ቲክቶክ ላይ ምን ይሠራል?

ማታ ከመተኛታችሁ በፊት የዕለቱን ጥቂት ፎቶዎች መርጣችሁ ሁለት መስመር ጻፉ። ማን ነው፣ ምን አለ፣ ምን አሳቀን። ቀኑን በአገርኛው ጻፉት፤ «ኅዳር 12፣ የሚካኤል ዕለት» ካላችሁ ዘመድ ሁሉ ያስታውሳል። ካሜራ የያዛችሁ ሰዓቱን እንደደረሳችሁ አስተካክሉ፤ እንደ ስልክ በራሱ አይለወጥም። ለቤተሰብ በቴሌግራም ስትልኩ በፋይል ላኩ፤ እንዲሁ ከተላከ ጥራቱ ይወርዳል።

ደግሞ አሳጥቡ። ደብረ ብርሃን ፎቶ ቤት አለ፤ እዚያው አሳጥባችሁ በእጃችሁ ስጡ። «እልካለሁ» ብላችሁ እንደምትረሱ እናንተም እኔም እናውቃለን። አዲሱን ላሚኔት አስደርጉት፤ ሰዉ ይወደዋል፣ ከጭስም ያድነዋል። የድሮውን ዋናውን ፎቶ ግን ላሚኔት እንዳታስደርጉ፤ አንዴ ከታሸገ አይላቀቅም። አክስታችሁ አንድ ኮፒ ካሏችሁ ሦስት አሳጥቡ። አንዷ ለጎረቤት መሄዷ አይቀርም፣ ሌላዋን ደግሞ የዕድሩ ዳኛ ይወስዷታል።