ከሆድ ቆዳ ቀዶ ሕክምና በኋላ ያልዘጋ ቁስል

ጥያቄ፦ የሆዴን ትርፍ ቆዳ በቀዶ ሕክምና ካስወገድኩ 5 ሳምንት ሆነኝ። የስፌቱ መሃል 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ተከፍቶ ፈሳሽ ያወጣል። ስኳር የለብኝም፤ ሺሻ ግን አልፎ አልፎ አጨሳለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የተከፈተበት ቦታ ብዙ ይናገራል። ቆዳው ከሥሩ ተላቆ ወደ ታች ሲሳብ፣ የስፌቱ መሃል ደም በጣም የሚያንሰውና በጣም የሚወጠረው ክፍል ይሆናል። ኒኮቲን ደግሞ የደም ሥርን ያጠባል፤ የሺሻው ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድም ደም የሚሸከመውን ኦክስጅን ይቀንሳል። ስለዚህ «አልፎ አልፎ» የሚባለውም ይጎዳል፤ እባክዎ ፈጽሞ ይተዉት።

በዚህ ሳምንት ቀዶ ሐኪምዎ ይዩት፤ ከሥር የተጠራቀመ ፈሳሽ ወይም ያልሟሟ ክር ካለ በፋሻ ብቻ አይድንም። የደም ስኳርዎንም እንደገና ይለኩ።

እስከዚያው እጅዎን ታጥበው ቁስሉን በሳላይን (ለሕክምና በተዘጋጀ ንጹሕ የጨው ውሃ) ይጠቡ፤ በሳላይን የረጠበና የተጨመቀ ንጹሕ ጎዝ (ስስ የቁስል ጨርቅ) አድርገው በደረቅ ጎዝ ይሸፍኑ። አልኮልና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ አዲሱን ሥጋ ይጎዳሉ። የቡና ዱቄት አይነስንሱበት!

ፕሮቲን ለ1 ኪሎ ክብደት 1.2–1.5 ግራም በቀን ያስፈልጋል፤ 60 ኪሎ ከሆኑ 72–90 ግራም ነው። እንቁላል፣ ሥጋ፣ በጾም ምስርና ሽምብራ ያብዙ።

መግል፣ መጥፎ ሽታ፣ የሚሰፋ መቅላት፣ የጠቆረ ቆዳ ወይም ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት ካዩ ግን በዚያው ዕለት ይሂዱ።