«ገባችሁ?» ስል «አዎ!» ይሉኛል፤ ደብተራቸው ግን ሌላ ነው

ጥያቄ፦ የመምህርነት ተማሪ ነኝ፤ ለልምምድ 7ኛ ክፍል ሒሳብ ደርሶኛል። ክፍልፋይ መደመር አስተምሬ «ገባችሁ?» ስል ሁሉም «አዎ!» ይላሉ። ደብተር ስሰበስብ ግን 1/2 + 1/3 = 2/5 የሚል ሞልቷል። 40 ደቂቃውም አይበቃኝም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ «ገባችሁ?» ማለቱን ይተዉት። በኅብረት የሚመጣ «አዎ» ማን እንደገባው አይነግርዎትም። በምትኩ አንድ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ጽፈው ሁለት ደቂቃ ለየብቻ ያሠሩ፤ እርስዎ በዴስኮቹ መሃል እየዞሩ ደብተር ይዩ።

ስሕተቱ የመጣው ላዕልን (የላይኛውን ቁጥር) ከላዕል፣ ታሕትን (የታችኛውን ቁጥር) ከታሕት በመደመር ነው። ሕጉን ደግመው ከማስጻፍዎ በፊት መልሱን ራሳቸው ይጠራጠሩት፤ 2/5 ማለት 0.4 ነው፣ 1/2 ደግሞ 0.5። ግማሽ ላይ ጨምረን እንዴት ከግማሽ ያነሰ አገኘን? ከዚያ ርዝመቱ 12 ሳንቲ ሜትር የሆነ የወረቀት ቁራጭ በየ2 ሳንቲ ሜትሩ ያስምሩ፤ 6 እኩል ክፍል ይወጣዋል። ግማሹ 3 ክፍል፣ ሲሶው 2 ክፍል፤ ድምሩ 5/6። የጋራ ታሕት ለምን 6 እንደሆነ እዚያው ይታያል።

ሰዓቱን የሚበላው አብዛኛውን ጊዜ የቤት ሥራ እርማት ነው። ብዙዎች የሳቱትን አንዱን ብቻ ሰሌዳ ላይ ይሥሩ። ገለጻው ከ15 ደቂቃ አይለፍ። የሰሌዳውን ግራ ክፍል ለምሳሌው ይተዉና እስከ መጨረሻው አያጥፉት፤ ወደ ኋላ የቀሩት የሚያዩት እሱን ነው። ሰሌዳ ላይ ሁልጊዜ ጎበዞቹን ብቻ አያውጡ።